በሽንሽኑ ውስጥ የቀረው ሰማያዊ ክር

ትናንት ከሰዓት በኋላ ካውያዬ አንድ ወፍራም ሱፍ ላይ ሲያርፍ ሱቄን የረጠበ በግ ሽታ ሞላው። የቆየ ሻንጣ፣ ያረጀ ቆዳና ለብል የሚደረገው ነጭ እንክብል ሽታም ነበረበት። እጄ በዚያው ቆመ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በፍርሃት ሊገድለኝ ነበር።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሱቁ የእናቴ ነበር፤ አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንድ በርና አንድ የስፌት መኪና ያለው ጠባብ ክፍል። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች፤ በሽንሽን ጉርድ በሰፈሩ የሚስተካከላት አልነበረም። በእኛ ሥራ ደግሞ አንድ ደንብ አለ። ልጅቷ አድጋ ጉርዷ ሲጠባት አዲስ አይገዛላትም። ሽንሽኑ ሁሉ ይተረተራል፣ ጨርቁ ይዘረጋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ እጥፋት ትንሽ ሳስቶ እንደገና ይሰፋል። ወገቡ ይሰፋል፣ ልጅቷም በዚያው ጉርድ አንድ ክፍል ትሻገራለች። ነሐሴ በመጣ ቁጥር መተርተሩ የእኔ ድርሻ ነበር። እናቴ "እጅሽ የአይጥ ጥርስ ነው" ትለኛለች፤ እኔም ኩራቴ ለጉድ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ጎረቤታችን የነበረች አስተማሪ ልትዳር ሆነ። ሙሽራው እንጦጦ ዳገት ላይ ስለ ዛፍ የሚያጠና ፈረንጅ ነበር። ሰፈሩ ፈረንጅነቱን በሳምንት ለመደው። አልለመድ ያለው ሌላው ወሬ ነው፤ ሰውዬው በሠርጉ ቀን ቀሚስ ይለብሳል የሚለው። ዘሩ የስኮትላንድ ነው አሉ፣ የወንዶቻቸው ክብር ልብስ ነው አሉ፣ ስሙ ኪልት ነው አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። በመጨረሻ ከወሬው የገላገሉን የሙሽራዋ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር።

"ምን ያስቃችኋል? አሰብ ስመላለስ ስንትና ስንት ወንድ ሽርጥ አገልድሞ አይቻለሁ። ይሄም ሽርጥ ነው። አገሩ ብርድ ስለሆነ በሱፍ ሠሩት፤ በቃ!"

ሠርጉ እሁድ ሊሆን፣ ሐሙስ ዕለት ሙሽራዋ ልብሱን በወረቀት ጠቅልላ ይዛው መጣች። እናቴ ቁልፍና ገበር ልትገዛ መርካቶ ወርዳ ነበር፤ ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

"ወገቡ ጠቦታል፤ ትንሽ ሰፋ ይደረግለት" አለችኝ። ልትወጣ ስትል ደግሞ ከበሩ ተመለሰች። "አደራ፣ የኔ ቆንጆ። የአያቱ ነው። እሱም አባቱም እኮ ካናዳ ነው የተወለዱት። ከአያቱ አገር የቀረው ይሄ ብቻ ነው።"

አደራውን ሰምቻለሁ። ችግሩ፣ ሥራውን የማውቀው መስሎኛል። ጥቅሉን ስፈታው ያ የበግና የሻንጣ ሽታ ወጣ። ጥቁር አረንጓዴና ቀይ መደብ ያለው፣ በመሃሉ ቀጭን ቢጫ መስመር የሚያልፍበት ከባድ ሱፍ ነው። ከኋላው ሽንሽን በሽንሽን ነው፤ ሁሉም ከወገብ እስከ ዳሌ በእጅ ተሰፍቷል። ትልቅ የተማሪ ጉርድ ነው አልኩ በሆዴ። እናቴ እስክትመለስ ጨርሼ ላስደንቃት ምላጬን አነሳሁ።

ስተረትር ጨርቁ አላልቅ አለ። ጠረጴዛውን ሞላ፣ ወንበሩን ሞላ፣ ከዚያ ወደ መሬት ወረደ። የመጨረሻውን ሽንሽን ስፈታ እናቴ ፌስታሏን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ከልብሱ ጎን ወደተሰፉት ሁለት ባለ ዘለበት የቆዳ ማሰሪያዎች ነው።

"ዘለበቱን ሁለት ጣት ማራቅ ብቻ ነበር እኮ" አለች፣ በቀስታ።

እናቴ ለትንሽ ጥፋት ታክሲ ተራ ድረስ እስኪሰማ የምትጮህ ሴት ነበረች። ለትልቅ ጥፋት ግን ድምጿ ይጠፋል። ፌስታሏን አስቀምጣ "ሽንሽኑ ስንት ነበር?" አለችኝ። አልቆጠርኩም። እንደ ዩኒፎርሙ አድርገን ለማጠፍ ሞከርን፤ አልሆነም። የዩኒፎርም ጨርቅ አንድ ቀለም ነው፣ የትም ቢታጠፍ ይስማማል። ይሄኛው ግን ሽንሽኑ ሲከደን መስመር ከመስመር ገጥሞ፣ ጀርባው ምንም እንዳልታጠፈ ጨርቅ መታየት ነበረበት። እኛ ስናጥፈው ቢጫው መስመር አንዱ ጋ ከፍ ይላል፣ አንዱ ጋ ይጠፋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሰውዬው አንድ የቀረችውን አገሩን አደራ ሰጥቶን፣ እኔ በምላጭ ቆራርጫት ያደርኩ ያህል ተሰማኝ።

ዓርብ ጠዋት እናቴ ሱቁን ከፍታ ጨርቁን እበሩ ላይ፣ ፀሐይ ወደምትገባበት አወጣችው። የጥር ብርድ ነበር፣ ከላይ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ሽታ ይወርዳል። አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን እሷ ይዘን ስንወጥረው ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ድንገት ሳቀች።

"ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይሄ ነው። ነይ እዪ!"

አየሁ። ላይ ላዩን የነበረው ጨርቅ በስንት ዘመን ፀሐይ ደብዝዟል፤ ሽንሽኑ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ግን ትናንት የተሸመነ ይመስል ደማቅ ነው። ድንበሩ በቀጭን መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እያንዳንዱ እጥፋት የት ይጀምር እንደነበርና የት ያልቅ እንደነበር ልብሱ ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል። ጠመኔ ይዤ ምልክቱን ስከተል ሃያ ሰባት ሆኑ። ዓርብን ሙሉና ቅዳሜን እስከ ቀትር አጎንብሰን በእጃችን ሰፋነው። ለእሱ የሚስማማ ክር አልነበረንም፤ የነበረን የዩኒፎርሙ ውሃ ሰማያዊ ነው። እናቴ "ውስጥ ለውስጥ ነው፣ ከላይ አይታይም" ብላ በእሱ ሰፋችው።

ሲያልቅ ጀርባው ገጠመ። እኔ እልል ልል ስል እናቴ "ገና ነው" አለች። "ሲመጡ ትነግሪዋለሽ። በምላጭሽ የፈታሽውን በአፍሽ ትናገሪያለሽ።"

ተዪኝ ብዬ ለመንኳት፤ ማንም አያውቅም አልኳት። "እኔ አውቃለሁ" አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሙሽሮቹ አብረው መጡ። አለቀስኩ እንጂ ተናገርኩ አይባልም። ሙሽራዋ ፊቷ ተለዋውጦ፣ እያማጠች ተረጎመችለት።  እሱ ልብሱን ተቀብሎ ዱካ ላይ ተቀመጠና ገልብጦ የውስጡን ስፌት በጣቱ ይከተል ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወገቡ አጠገብ፣ ከእኛ ሰማያዊ ክር ጎን፣ ምላጬ ያልደረሰበት ትንሽ የአረንጓዴ ክር ስፌት ነበር።

"የእናቴ ነው" አለ፣ በአማርኛ።

ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ሙሽራዋም እየሰማች፣ እየሳቀች ነገረችን። አያቱ አገራቸው ሳሉ ይህን ልብስ የሚለብሱት በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ካናዳ ከገቡ በኋላ ግን ሠርግም ይሁን ለቅሶ ሳይለብሱት አይወጡም ነበር። እሳቸው ሲሞቱ እናቱ ለአባቱ ላስተካክል ብላ ልክ እንደ እኔ ሙሉውን ተረተረችው። መልሳ ማጠፉ ጠፍቷት ሦስት ቀን ማልቀሷን እሱ በልጅነቱ አይቷል።

እኔም ሳቅኩ፣ ከእንባዬ ጋር። ደረቴ ላይ ሁለት ቀን የተቀመጠው ድንጋይ በዚያች ደቂቃ ወረደልኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም። እናቴ ዘለበቱን ሁለት ጣት አራቀችለት። ተስማሚ ክር ተፈልጎ ከሠርጉ በኋላ በወጉ እንደሚሰፋለት ብትነግረው እምቢ አለ። እንዲሁ ይሁን አለ።

እሁድ ድንኳኑ ውስጥ ልጆቹ መጀመሪያ ጉልበቱን እያዩ ሳቁ። የሙሽራዋ አባት በርኖሳቸውን ደርበው ከጎኑ ሲቆሙ ግን ጸጥ አሉ። ከዚያ ጭፈራ ሆነ። ሙሽራው እስክስታውን ባይችለውም ሲዞር ሽንሽኑ ተከፍቶ ይከደናል፣ ያ የተደበቀው ደማቅ ቀለም ብቅ ይልና ይጠፋል። ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያይ እናቴና እኔ ጀርባውን ብቻ እናይ ነበር። በግራ ዳሌው በኩል አንድ ቢጫ መስመር ለክር ያህል ስታለች። ተያየን። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም።

እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ልብሶቿ ለዘመድ ተሰጡ፣ አሮጌው የስፌት መኪናዋም ተበላሽቶ ቀረ። ከእጇ ሥራ አንድ ነገር ላስቀምጥ ብዬ ፈልጌ አጣሁ። ዕድሜ ልኳን ስትሰፋ ኖራ፣ ዩኒፎርም ማን ያስቀምጣል? ሁሉም በየክፍሉ አግዳሚ ላይ አልቋል።

ትናንት ጥቅሉን ይዞ የመጣው የእነዚያ ሙሽሮች ልጅ ነው። ቁመቱ የአባቱ ነው፣ ጥርሱ የእናቱ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምርቃቱ ሊለብሰው ፈልጓል፤ ቀጭን ስለሆነ ወገቡ ሰፍቶታል።

"ሽንሽኑ ይፈታ ይሆን እንዴ?" አለኝ።

"አይፈታም!" አልኩት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮኼ። "ዘለበቱን ሁለት ጣት ማስጠጋት ይበቃል።"

በካውያ ልተኩሰው ስገለብጠው ሰማያዊው ክር ወጣ። የእናቴ እጅ፣ ጠበቅ ጠበቅ ያለ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ የሚያዘነብል። ልጁም ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይሄ አረንጓዴው የሴት አያቴ ነው፣ አባቴ ሁሌ ያሳየኛል" አለ፤ ጣቱንም በሰማያዊው ላይ አደረገ። "ይሄኛውስ የማን ነው?"

"የእናቴ ነው" አልኩት።

ጣቱን ቶሎ አነሳ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ መልሶ ቀስ አድርጎ አሳረፈው።