ያላጎነቆለው ገብስ

ሰብሌ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ብቅሉ ነው። ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ጓዳ ትገባለች፤ በጉሎ ቅጠል የተሸፈነውን ገብስ ገለጥ አድርጋ ታሸታለች። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ባለችው መንደር ድግስ ያለበት ሁሉ ብቅሉን የሚያሰናዳው በእሷ እጅ ነበር። አሁን ግን ድግሱ የራሷ ነው፤ የባሏ የቢተው ሙት ዓመት።

ገብስ ሲነከር ያብጣል። ውሃውን ከጠገበ በኋላ ከግርጌው ነጭ ነገር ብቅ ይላል፤ የሕፃን ጥርስ ይመስላል። ቀጥሎ ሥሩ እንደ ጢም ይንጨባረራል፣ ሆዱም ይላላል። ያን ጊዜ ፍሬውን በጥፍር ሲጫኑት እንደ ዱቄት ይፈርሳል፤ ሲቀምሱት ይጣፍጣል። እዚያ ላይ ማስጣት ነው። ከዚያ ካለፈ ቡቃያው ጣፋጩን ራሱ ይበላዋል፤ ለጠላው የሚተርፍ የለም።

ዛሬ ቅጠሉን ስታነሣ ሻጋታ ሸተታት። እፍኝ ዘገነች። አንዱ ጥርስ አውጥቷል፤ ጎኑ ያለው አብጦ ዝም ብሏል።

"ማኅሌት! ይህን ገብስ ከየት ነው ያወጣሽው?"

ምራቷ እጇን እየጠረገች መጣች። "ከጎታው ነው፣ እማ። አልበቃ ሲለኝ ከጉድጓዱ ጨመርኩበት።"

ሰብሌ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። የጉድጓዱ ገብስ ጦርነቱ ሲመጣ ከቤቱ ጀርባ ቀብረው ያተረፉት ነው። ለቂጣ ይሆናል፤ ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ የከረመ እህል ግን ነፍስ የለውም፣ አይበቅልም። ማኅሌት የወገል ጤና ከተማ ልጅ ናት፤ ይህን የነገራት የለም።

"ምነው ብትጠይቂኝ ልጄ?"

"ደክሞዎት ነበር። ላሳርፍዎ ብዬ ነው።"

ሰብሌ ቀና ብላ ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለውን ስልቻ አየች። ቢተው ሳይሞት በእጁ የመረጠው የዘር ገብስ ነው። ሌላ የሚበቅል ገብስ ቤቱ ውስጥ የለም።

"አውርጂልኝ።"

"የዘሩን? ከዚያስ ምን እንዘራለን?"

"ቄሶቹን በባዶ ጋን ልቀበላቸው?"

ማኅሌት ስልቻውን አላወረደችም። ወጥታ ሄደች፤ ስትመለስ ጎረቤታቸውን ሙሉሃብትን ከነሰፌዷ ይዛ መጣች።

"አንቺም ቤት ብቅል ይበላሻል?" አለች ሙሉሃብት ገና ከበሩ። "ስንት ዘመን የኔን ብቅል ሙጃ ነው ስትይ ኖረሽ! እግዜር ፈረደ።"

"ሳቂ፣ ምን አለብሽ።"

"ስቄ ስጨርስ እለቅምልሻለሁ። ጠጋ በይ።"

ሦስቱም ተቀምጠው ያጎነቆለውን ካላጎነቆለው ይለዩ ጀመር። ዝም ያለው ለዶሮ፣ ጥርስ ያወጣው ወደ ሰፌዱ። ክምሩ አነሰ።

"ጠላው ሊቀጥን ነው" አለች ሰብሌ።

"ይቅጠን! ቢተው ወፍራም ሲጠጣ አይደል መንደሩን በዘፈን ያውክ የነበረው? ቄሶቹም ፍትሐቱን ሳያዛንፉ ይጨርሳሉ።"

ሰብሌ ሳትፈልግ ሳቀች። ቀጭን ጠላ ጠምቃ አታውቅም። ቢሆንም ስልቻው እንደተንጠለጠለ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ማሳው ጦሙን አያድርም።

ማኅሌት አንድ ፍሬ በመዳፏ ዘረጋችላት። "እማ፣ ይህስ ደርሷል?"

ሰብሌ በጥፍሯ ተጫነችው። ፈረሰ። ምላሷ ላይ አደረገችው።

"ደርሷል። አውጥተሽ አስጪው፤ ስስ አድርገሽ በትኚው።"

ይህን ብላ ራሷን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፤ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ ማን እንዳነሣላት አላወቀችም።