የተዋሱት አክታ

ባለፈው ሳምንት ምድር ቤት የምትኖረው ሰላም የላቦራቶሪ ወረቀቷን ይዛ በሬን አንኳኳች። «እማማ፣ ምን ይላል? ለሐኪሙ ስጪው ብቻ ነው ያሉኝ፤ እሱ ደግሞ ሰኞ ነው የሚገባው።» አነበብኩት። ቀላል የደም ማነስ! ልጅቷ ግን በጭንቀት ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አላየችም። ምንም ባላስረዷት ሰዎች ደሜ ፈላ። ገላን ኮንዶሚኒየም ሁሉ እስኪሰማ ልጅቷ ላይ ጮህኩባት፤ እሷ ምን አጠፋች!

የድሮው የጅቡቲ ባቡር ገና በሚመላለስበት ዘመን፣ አቃቂ ጣቢያው አጠገብ በነበረ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አለቃዬ «መርምሪ፣ ጻፊ፣ ዝም በይ» ይሉኝ ነበር። እኔም ዝም! በትንሿ መስኮት ብልቃጥ እሰጣለሁ፣ ወረቀት እሰጣለሁ፣ አለቀ።

አንድ የክረምት ጠዋት ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ እየሳሉ መጡ። «ነገ የጠዋት አክታ ይዘው ይምጡ» አልኳቸው። በማግስቱ ያንን የአቃቂ ጥቁር ጭቃ እያቦኩ ብልቃጡን አመጡልኝ። መረመርኩት፤ ንጹሕ ነው። የሳንባ ነቀርሳ የለም ብዬ ጻፍኩ።

ከወር በኋላ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ደግፈው አመጧቸው። ጋቢያቸው ደም ነክቶታል። እትዬ አስካለ ያዘሏት ሕፃንም ትስላለች።

«ውጤትዎ ንጹሕ አልነበረም እንዴ?» አልኩ።

እትዬ አስካለ አለቀሱ። «የኔ እህት፣ አክታው የሱ አይደለም። የጎረቤታችን ነው።»

ለካ ፋብሪካው ውስጥ «ውጤቱ በቀጥታ ለፎርማኑ ይላካል፤ ነቀርሳ ያለበት ይባረራል» ይባል ኖሯል። ነጭ ውሸት! ወረቀቱን የምንሰጠው ለታማሚው ብቻ ነበር። ግን ይህን ማን ነገራቸው? እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ጤነኛ ጎረቤት ለምነው ብልቃጡ ውስጥ አስተፉ።

አለቃዬ ሰምተው ሳቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» አሉ።

«ማን አስደበቃቸው? እኛው አይደለን እንዴ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ቢያባርሩኝም ግድ አልነበረኝም። ጋሽ ታደሰን እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው፤ የራሳቸውን አክታ ቀለም ቀብቼ ማይክሮስኮፑ ላይ አሳየኋቸው።

«ያችን ቀይ ቀጭን ነገር አዩአት? የምታስልዎት እሷ ናት። መርፌና ኪኒን አላት፤ ይድናሉ። ወረቀቱም የእርስዎ ነው፤ ፎርማኑ አያየውም።»

ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። «እህቴ፣ ይህን ያን ቀን በመስኮቱ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ወረቀቱን ጽፌ በእጃቸው ሰጠኋቸው።

እሳቸው ከዓመት በላይ በመርፌና በኪኒን ታክመው ዳኑ። ለሕፃኗ ግን አልደረስንላትም።

አለቃዬን እስከ ዛሬ አልማርኳቸውም። ግን አፌን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ቃል መናገር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? የሕንፃችን ሰዎች «እማማ ቁጡ ናቸው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ቁጡ ነኝ። መቆጣት የነበረብኝ ግን ያኔ፣ ገና «ዝም በይ» ስባል ነበር።