ተራዋ የደረሰ ዕለት

እማዋይሽ የቁሐር ሚካኤል ሸክላ ሠሪ ናት። የፎገራ ሰው ወጡን የሚሠራው በእሷ ድስት፣ ጠላውን የሚጠምቀው በእሷ ጋን ነው፤ ቤቷ ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን የለም። ቡዳ ትባላለች። የሚካኤልን ማኅበር ጽዋ የሠራችው ራሷ ሆና ሳለ አንድም ቀን አልጠጣችበትም። ይህን ሁሉ የሰው ልብ እንዴት እንደሚችለው እንጃ፤ የእሷ ግን ችሎ ነበር፣ ደክሞትም ቢሆን።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ወረታ ላይ ባጃጁ ቆመ፣ ገበያው ተበተነ፣ አስቀዳሹም ከደጅ ተራርቆ ቆመ። ማኅበርተኛው በአንድ ጽዋ መቀባበሉን ትቶ ለየራሱ ኩባያ እንዲይዝ ቄስ ሉቃስ አዘዙ። ሃያ የሸክላ ኩባያ ሊያሠሩ እማዋይሽ ዘንድ መጡና፣ "ሃያ አንድ አድርጊው። አንዱ ያንቺ ነው፤ ከእንግዲህ ማኅበር ትገቢያለሽ" አሏት። ጆሮዋን አላመነችም።

ወር በገባ በዐሥራ ሁለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሁለት ሁለት ርምጃ ተራርቀው ይቀመጡ ጀመር፤ እሷም ከእነሱ ጋር።

"እግዚአብሔር ባለ በሬውንም ድኻውንም እኩል አራራቀን፤ ዳኛ እሱ ነው" እያሉ ቄስ ሉቃስ ይሰብካሉ። እማዋይሽ በሆዷ፣ እኔን ያራቀኝስ እሱ አልነበረም ትላለች። ቢሆንም ደስ ብሏት ነበር። አገር ሲሰጋ ደስ ማለቷ ደግሞ ያሳፍራታል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ እያለች ትተኛለች።

ሁለት ዓመት አልፎ በሽታው ሲቀል ማኅበሩ ወደ የቤቱ ተመለሰ፣ መቀባበሉም እንደ ቀድሞው ሆነ። ቄሱ ተራውን ሲቈጥሩ የሚቀጥለው ወር ደጋሽ እማዋይሽ ሆነች። ጌሾ ከወረታ ገዛች፣ ብቅል አበቀለች፣ ቤቷንም ለቀለቀች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቤቷ ሊበላ ነው።

ጽዋውን የምትረከብበት ዕለት የተሰበሰቡት በማኅበሩ መሪ በየሻው ቤት ነበር። በወጉ፣ ሲያበቃ ጽዋው ለመጪው ደጋሽ ይሰጥና እሱ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እማዋይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። የሻው ግን በእሷ አሻግሮ ለጎረቤቷ ለዕንቁ ሰጠ።

"አንቺስ ይቅርብሽ፣ እማዋይሽ። ደክሞሻል፤ ዕንቁ ትደግስ።"

ደግ ሰው ነው የሻው፤ ሲያዋርድ እንኳ እያዘነ ነው። ዕንቁ ዓይኗን ሰበረች፣ ጽዋውን ግን ተቀበለች።

እማዋይሽ ወደ ቄሱ ዞረች። "አባቴ፣ በሽታው ሁላችሁንም ለቆ እኔ ላይ ብቻ ቀረ?"

ቄስ ሉቃስ መስቀላቸውን አሻሹ። "እንግዲህ ከመቅሠፍት ላወጣን አምላክ ምስጋና እናድርስ" ብለው ተነሡ። ሲጨርሱ ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። እማዋይሽም አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣላትም።