ግርማን ያሰርኩበት ገመድ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የነፍስ አባቴ ፊት ቆሜ እንኳ ዘልዬዋለሁ። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ፤ ግርማን ያሰርኩት እኔ ነኝ። የቀበሌ ሰዎች ያሰሩትን ማለቴ አይደለም። እነሱ ከለቀቁት በኋላ እኔ ያሰርኩትን ነው።

ግርማ የውቤ በረሃ ጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ልጅ ነው። የቀበሌ ጓዶች አራት ወር ይዘው ወፌ ላላ ገረፉት፤ እጁን ከጉልበቱ ጋር አስረው፣ በመሃል እንጨት አሳልፈው፣ ዘቅዝቀው ውስጥ እግሩን። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ የተደበቀበትን ቤት። አልተናገረም። ሲለቁት ቁስሉ ደረቀ፤ እሱ ግን ዝም እንዳለ ቀረ። ቀኝ እጁ ተኝቶ እንኳ ከጭብጡ አይፈታም ነበር።

እኔ ከአጎቴ ወጌሻነት ተምሬአለሁ። የሰፈሩ ልጆች «ዶክተር ቅባት» ይሉኛል። ፒያሳ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዝቼ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነበብኩ። ፍርሃት ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰውየው ፍርሃቱ በገባበት አኳኋን ሆኖ ቢያለቅስ ይወጣለታል ይላል። ቀጥሎም፣ በፈቃዱ ብቻ ይሁን፣ በቃኝ ሲል ይቁም ይላል። አንብቤዋለሁ። በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ግን አጎቴ ትከሻ ሲመልስ በሽተኛው ስለጮኸ አይለቅም ነበር። እኔም ነፍስን እንደ ወለቀ ትከሻ ቆጠርኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እነ ግርማ ቤት። እትዬ ዘነበችን «ላድነው ነው፤ እርስዎ ውጭ ይሁኑ፤ ቢጮህም እንዳይገቡ» አልኳቸው። የልብስ ማስጫውን ገመድ ሳወጣ ግርማ ራሱን ነቀነቀ። አየሁት። አይቼ አሰርኩት። የመጥረጊያ እንጨት በመሃል አሳልፌ በጀርባው አጋደምኩት። ውስጥ እግሩን በመዳፌ መታሁት። ቀስ ብዬ ነው የጀመርኩት። አላለቅስ ሲል ጫማዬን አውልቄ በሶሉ መታሁት። ጠባሳው ተቀደደ፤ ደሙ አንሶላው ላይ ወረደ። እኔ በልቤ «ሊወጣለት ነው» እላለሁ። ለምን አላቆምኩም? እሱን ላድን ነበር ወይስ ትክክል መሆኔን ላረጋግጥ?

ጮኸ። ከበሩ ውጭ እናቱ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ቻለው፤ ላንተው ነው» አሉ።

ያኔ ግርማ ተናገረ።

«ጓድ፣ ይበቃል። እናገራለሁ።»

ጓድ ያለው እኔን ነው። የወንድሙን መደበቂያ፣ ሰፈሩንና የበሩን ቀለም ሳይቀር ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ የተጨበጠው እጁ ተፈታ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ።

እግሩን በጋቢ ሸፈንኩና በሩን ከፈትኩ። እትዬ ዘነበች የተዘረጋውን እጅ ሲያዩ ጉልበቴን ሊስሙ ጎነበሱ። አልከለከልኳቸውም።

ወንድሙ አልተያዘም። «የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አልነገርኩም» እያልኩ ስንት ቀን ማልኩለት። አያምነኝም። በር በተንኳኳ ቁጥር የወንድሙ መርዶ የመጣ ይመስለዋል። አራት ወር ሙሉ በደሙ የጠበቀውን እኔ በአንድ ከሰዓት ወሰድኩበት።

አላወቅኩም ነበር አልልም፤ ያሰመርኩበት መስመር አለ። እትዬ ዘነበች ዛሬም ሲያገኙኝ ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችለው ግርማ ነው። እሱ ደግሞ የኔን ድምፅ በሰማ ቁጥር እግሩን ጋቢው ውስጥ ይሰበስባል።