የቀስ በሉ መኪና

ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ በሉ» ነው የሚለው። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መንጃ ፈቃዱ ብቻ ናቸው ይባላል። ቅጽል ስሙን የሰጡት ጫኝና አውራጆች ናቸው፤ አሸዋ ሲጭኑለት የአንዱ አካፋ የመኪናውን ጎን ጫር ባደረገ ቁጥር «ቀስ በሉ! ቀስ በሉ እንጂ!» እያለ ስለሚጮህባቸው። እንዲህ ሲል ሃያ ስድስት ዓመት ከወንዝ አሸዋ እየጫነ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች አደረሰ። የራሱ ቤት ግን እስከ ዛሬ ግማሹ ቆርቆሮ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ፣ መኪናው አጋማሹ ላይ አቃሰተ። ውስጡ የሆነ ነገር ተንቋቋና ቀጥ አለ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተግተለተለ። ቀስ በሉ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጠና መንገድ ዳር ተቀመጠ። ቁልፉን ደግሞ እንኳን አልሞከረም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የሞት ድምፅ አይጠፋውም።

መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ገባ። መካኒኩን «ጆሮ» ይሉታል፤ ኮፈን ሳይከፍት በድምፅ ብቻ በሽታ ስለሚለይ። አሁን ግን የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። ሁለት ቀን ሞተሩን አውርዶ ሲበትን ቆየና በሦስተኛው ቀን አስጠራው።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ነክሷል» አለው እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ውሃው አልቆ በጣም ግሏል። ፒስተኖቹን ተጣብቀው ነው ያገኘኋቸው።»

«ይድናላ?»

«ይሄኛውስ አይድንም። ሌላ ሞተር እንግጠም ካልን ደግሞ ከራሱ ከመኪናው ይወደዳል። ያስቡበት።»

ቤት ሲደርስ ነገሩ ለሁለት ተከፈለ። ሚስቱ «ሽጠውና እንረፍ» አለች። «ለብረት ነጋዴው ስጠው። እሱም አርጅቷል፣ አንተም አርጅተሃል።» ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ትዳሯ ፈርሶ ከነማሽኗ ወላጆቿ ቤት ተመልሳለች። እሷ ደግሞ «እማዬ፣ ያለ መኪናው ምን ሊሆን ነው? ቤት ከዋለ ይታመማል። ማሽኔን ሸጬም ቢሆን ይሠራል» ብላ ድርቅ አለች።

ቀስ በሉ በሁለቱ መሃል አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሽጥ ሲሉት «ይሠራል» ይላል። ይሠራ ሲሉት ዝም ይላል። ሳምንት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ልጁ ለማሽኗ ገዢ ማፈላለግ ስትጀምር ተነሥቶ ጋራዥ ሄደ።

«ግጠምልኝ» አለው ጆሮን። «ልጄ ማሽኗን ልትሸጥልኝ ነው።»

ጆሮ መፍቻውን አስቀመጠ። ከመደርደሪያው የመኪናውን የሙቀት መለኪያ አነሣና ገመዱን ከባትሪ ጋር አገናኘ።

«መለኪያው ከተበላሸ ቆይቷል ብለውኝ ነበር።»

«አዎ፣ ድሮ ነው የሞተው።»

«አሁን መርፌው የት ላይ ነው ጋሼ?»

ቀስ በሉ ጎንበስ አለ። ዓይኑን አጨነቆረ። «መሃል ላይ» አለ።

መርፌው ቀዩ ላይ ነበር። ጆሮ ገመዱን ነቀለ። ውጭ አንድ ሰው ጎማ እየደበደበ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ጆሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዓመት አልፎታል። ሐኪሙ የዓይንህ ነርቭ እየሞተ ነው፣ የሄደው አይመለስም አለኝ። መንዳት አቁም አለኝ። አቁሜ ምን ልሁን? መንገዱን እንደሆነ እንደ ቤቴ ነው የማውቀው።»

«መንገዱንማ ያውቁታል። የሚሻገረውን ሰው ነው የማያውቁት።»

ቀስ በሉ እዚያው የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። «ባለፈው ወር አንዲት ሴት ጮኸች» አለ። «ቆሜ ወረድኩ። ቅርጫቷን ነበር የረገጥኩት፤ ቅርጫቷን ብቻ። እሷ አጥሩ ላይ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። በማግስቱ ግን ነዳሁ። ይገባሃል? በማግስቱም ነዳሁ።»

«ለልጅዎ አልነግራትም» አለ ጆሮ። «ሞተሩን ግን አልገጥምልዎትም ጋሼ። ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።»

ሌላ ጋራዥ አልሄደም። ቤት ገብቶ «ይሸጥ» አለ። ልጁ ለማሽኗ አዝኖ መሰላት። «ለእኔ ብለህ እኮ ነው!» እያለች አለቀሰች። እሱም እንደዚያ እንዲመስላት ተዋት። ሚስቱ ክርክሩን ብትረታም ደስ አላላትም፤ ባሏን ገልመጥ አድርጋ አየችውና ወደ ጓዳ ገባች።

ብረት ነጋዴው ጠዋት መጎተቻ መኪና ላከ። የሞተውን መኪና መሪ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ቀስ በሉ ማንንም ሳያስፈቅድ ወጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ልጁም ለመሸኘት አጠገቡ ገባች።

ሞተር የሌለው መኪና ፍሬኑ ድንጋይ ነው፤ በሁለት እግር ካልረገጡት አይዝም። ገበያው አጠገብ ሲደርሱ ከፊት የሚጎትታቸው መኪና እግረኛ ሊያሳልፍ ቆመ።

«አባባ፣ ፍሬን! አባባ!»

ሲረግጥ ጊዜው አልፏል። የፊተኛው መኪና ኋላ እንደ ቆርኪ ተጨማደደ። ሹፌሩ ወርዶ እየተሳደበ መጣና በመስኮቱ በኩል አፈጠጠ።

«ይሄን የሚያህል መኪና ቆሞ አይታይህም? ዕውር ነህ እንዴ ሰውዬ?»

ቀስ በሉ መሪውን እንደጨበጠ «አዎ» አለ።

ሹፌሩ ከመስኮቱ ራቀና ወደ መኪናው ተመለሰ። ልጁ ወደ አባቷ ዞረች። የዓመቱ ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጣባት፤ በር ላይ መደናቀፉ፣ ስልኩን ለእሷ አቀብሎ «ማን ነው የደወለው?» ማለቱ፣ የሰፋችለትን ሸሚዝ ቀለም መሳቱ። እጇን መሪው ላይ፣ እጁ አጠገብ አሳረፈች። ቀሪውን መንገድ «አሁን ቀኝ፣ አሁን ያዝ» እያለችው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ መኪናው በእሳት ተቆራረጠ። ቀስ በሉ አልጠበቀም፤ የልጁን ክንድ ይዞ በእግሩ ተመለሰ።

ስልኩ እስካሁን ይጮኻል። አሸዋ ፈላጊዎች ናቸው። «መኪናው ተሸጧል» ይላቸዋል እንጂ ስለ ዓይኑ አያነሣም። ብርሃንና ጥላ መለየትም እየተወው ነው። ልጁ ስትሰፋ አጠገቧ ይቀመጥና የረጅም ጨርቅ ጫፍ ይይዝላታል። ስትጨርስ «ልቀቀው አባባ» ትለዋለች። አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ትደግምለታለች።