ወደ ሃምሳ አለቃ አስማረ ሙት ዓመት

ሞጣ፣ ጠዋት

የቢቸናን መንገድ የማውቀው በንግድ ነው፤ ሁልጊዜም የጨርቅ ጥቅል ታቅፌ ነው የምሄደው። ዛሬ ግን የያዝኩት ስኳርና ለአንዲት እናት የመረጥኩትን ነጠላ ብቻ ነው። ሾፌሩ፣ «ኑሩ፣ ሱቁን ዘጋኸው እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። «ለሙት ዓመት ነው» ስለው ቀልዱን ትቶ ሞተሩን አስነሣ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ የተሳፈርኩበትን መኪና ደራሽ ውሃ ገለበጠው። ወንዙ ዳር ለጥበቃ የቆመው ፖሊስ፣ ሃምሳ አለቃ አስማረ፣ ዘሎ ገባ። እኔን ወደ ዳር ገፍቶ ሲያወጣኝ እሱን ጎርፉ ወሰደው። እግሬ ተሰብሮ ሆስፒታል ስለነበርኩ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። እናቱንም አይቻቸው አላውቅም። በምን ዓይን ያዩኝ ይሆን?

ግንደወይን፣ ረፋድ

ሌሊቱን ሲጥል ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነው። ግንደወይን ቆመን ሻይ በትኩስ ዳቦ ቀመስን። አንድ ዳቦ ደግሞ ገዝቼ ኪሴ ከተትኩ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ለሙት ዓመቱ የሚታረደውን የክርስቲያን ሥጋ አልበላም። የፈራሁት ረሃቡን አይደለም። በዚያች እናት ቤት እጄን ሰብስቤ ስቀመጥ ንቀት እንዳይመስልባቸው ነው። አጠገቤ ለተቀመጡት የደብረ ወርቅ አዛውንት ጭንቀቴን ባጫውታቸው፣ «አይ ልጄ፣ እናት ሆደ ሰፊ ናት» አሉኝ። ለእሳቸው ቀላል ነው!

ከደብረ ወርቅ በኋላ በቀኝ በኩል ጮቄ ደመና ለብሷል፤ ገበሬው የጤፍ መሬቱን ያርሳል። ያ ወንዝ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቢቸና፣ ምሳ ሰዓት

ድንኳኑ ከሩቅ ይታያል። የአስማረ ጓደኞች፣ ፖሊሶቹ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው እንጨት ይፈልጣሉ። አንዱ ወደ እናቱ ወደ እማማ ጠጅቱ ወሰደኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

«እማማ፣ ኑሩ ነኝ፣ ያ…»

«አውቄሃለሁ፤ ተነሥ እንጂ።»

ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ጋሽ ይማም የተባሉ ሙስሊም ጎረቤታቸው ለብቻው በተዘረጋ ማዕድ ተቀምጠዋል።

«በጉን ያረዱልህ ጋሽ ይማም ናቸው፤ ድስቱም የመጣው ከእሳቸው ቤት ነው። ሳትሰቀቅ ብላ» አሉኝ እማማ።

«እንደምመጣ በምን አወቁ?»

«ሰው የሞተለት ሰው ይቀራል?»

አለቀስኩ። እስኪወጣልኝ ጠብቀው በእጃቸው አጎረሱኝ። ኪሴ በከተትኩት ዳቦ አፈርኩ።

«ልጆች አሉህ?»

«ሦስት ናቸው፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን ትተሃቸው መጣህ? ልጄ እነማንን እንዳተረፈ በዓይኔ ልይ እንጂ!»

ሞጣ፣ ሲመሻሽ

ስሄድ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት ግን ይቅርታዬን ሳይሆን ዝምድናዬን ኖሯል። ለካ የሐዘን ቤት የሚከብደው ደጁ እስኪደርሱ ነው።

ባለቤቴ ዘይነብ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ልጆቹ ከኋላዋ ይጋፋሉ።

«እንዴት ተቀበሉህ?»

«የልጆቹን ልብስ እጠቢላቸው» አልኳት። «ቢቸና አያት አለቻቸው።»