ወሬዋን የጠየቃት ሰው አልነበረም

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ የእስልምና ዩኒቨርሲቲ ስማር፣ ሌሎች ተማሪዎችን ከሚያማክሩት ተማሪዎች አንዷ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት መካኒሳ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በበዓል ሲጠሩን ለእኛ ለብቻ በሙስሊም እጅ ያሳርዱልን ነበር። ስለዚህ ከተለያየ ሰው ጋር መኖር እኔን ማንም አያስተምረኝም ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአፋር የመጣች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን የዶርም ጓደኞቿ ለምነው ወደ ማማከሪያ ክፍላችን አመጧት። ክፍል መግባት ካቆመች ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ ምግብም በቅጡ አትበላም። በማማከር ስልጠናው እንደተነገረኝ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ጠየቅኳት።

«ምን ሆነሽ ነው? ምንድነው የሚሰማሽ?»

«ምንም። አልሐምዱሊላህ።»

ደግሜ ጠየቅኩ፤ ያንኑ መለሰችልኝ። አማርኛው ከብዷት ይሆናል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

አብራኝ የምታማክረው ጓደኛዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛ እንጂ አፋርኛ አትችልም። ወንበሯን አስጠጋችና «እህቴ፣ ከአገር ስትመጪ መንገዱ እንዴት ነበር?» አለቻት። ቀጥላ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ፣ ግመሎቹ ሳር አግኝተው እንደሆነ፣ በመንገድ ማንን እንዳገኘች ጠየቀቻት። እኔ በሆዴ «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» እላለሁ።

ልጅቷ ቀና አለች። ከዝናቡ ወደ ግመሎቹ፣ ከግመሎቹ ወደ ቤተሰቡ፣ አንዱንም ሳትዘል ረጋ ብላ አወራች። ከዚያ ያሳደገቻት አያቷ መሞቷን ነገረችን። የሰማችው በስልክ ነው፤ «ሞታለች» ተባለ፣ ስልኩ ተዘጋ።

«እዚህ ወሬዬን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለችና እንባዋ ወረደ።

ስትወጣ ጓደኛዬን «ይሄን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«የአፋር ልጆች ናቸው። ካፌ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ፣ እናንተ ጋ ሰው ሲገናኝ ምን ይባባላል ብዬ ጠየቅኳቸው። ዳጉ ይሉታል፤ ያየውንም የሰማውንም በተራ ይነጋገራል። ከባዱን ነገር ተነስቶ ዱብ የሚያደርገው የለም።»

መጠየቅ ብቻ ነበር! ሁለት ዓመት ሙሉ ከእነዚያ ልጆች ጎን ለጎን ስሰግድ አንድ ቀን አላሰብኩትም።

ልጅቷ ለሀዘኑ አገሯ ሄዳ ተመለሰች፤ የዚያን ዓመት ፈተናዋንም አለፈች። በተመለሰች ማግስት ማንም ሳይጠራት ማማከሪያ ክፍላችን መጥታ የለቅሶውን ነገር ሁሉ አጫወተችን። ጓደኛዬ አልፎ አልፎ «እህ» ትላለች። እኔም በተራዬ «መንገዱስ እንዴት ነበር?» አልኳት።